አንድ ፊት በነፃ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው ሳንቲም ያከማቻል፤
እኔን ግን “ፊት ሰብሳቢው” ብሎ ሰፈሩ ይስቅብኛል።
ይሳቅ።

“የማለዳ ደወል” የሚባል ጋዜጣ ነበረ በፊት፣
እሑድ እሑድ የሚያድል ከወረቀት የተሠራ ፊት፤
አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት መልክ፣
ዐይኑ የተበሳ፣ በላስቲክ የሚታሰር፣ ለልጅ ጭንቅላት ልክ።
አንበሳ አለ፣ ድመት አለች፣ ጉንጩ የቀላ ወታደር፣
ሙሽራ፣ ሌባ፣ ሐኪም፣ ምን እንደሆነ ያልገባኝም አንድ ነገር።
ጀርባቸው ላይ ማስታወቂያ፦ የነጭ እርግብ ሳሙና፣
አረፋው እንደ ደመና።

አሥራ አንዱን አገኘሁ በሠላሳ ዓመት፤
አንዱን ከቸርችል ጎዳና፣ ከመጽሐፍ አዟሪ ክምችት፤
አንዱን ከሱቅ፣ ስኳር ሊጠቀለልበት ሲል ደርሼ፣
ስኳሩንም አብሬ፣ ዋጋ ሳልከራከር ሸምቼ፤
አንዷን ከሰዓት ሠሪ መሳቢያ፣ ከብሎን ጋር ተቀላቅላ፣
(ለድመቷ ሰዓቴን ሰጠሁት። “አበድክ” አለኝ በአፉ ሙላ።)

በኤክስሬይ ፖስታ ነው የማስቀምጣቸው፤
የሰው ሳንባ በነበረበት፣ የሰው ትንፋሽ ያለባቸው፦
አፋቸው ዙሪያ ወረቀቱ ቢጫ ነው፣ ረጥቦ የደረቀ፣
የአንድ ልጅ ሳቅ፣ ወይ ልፍለፋ፣ ጨርሶ ያላለቀ።

የጎደለኝ ጉሬዛው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ኑሪ ቆራሌው ደወለ፦
“ጋሼ፣ ዶሮ ማነቂያ ና፤ ፊትህ እዚህ አለ።”

ሰፈሩ እየፈረሰ ነው። ቆርቆሮ ለብቻ፣ እንጨት ለብቻ፤
በሮች ቤት አጥተው ቆመዋል፣ ተደጋግፈው ብቻ።
ወይዘሮ የሺመቤት ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው
መኪና ይጠብቃሉ፣ በሩ የተወሰደ ቤት ቁልፍ ጨብጠው።

ግድግዳው ጋዜጣ ለብሷል፣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣
ሹመቱ በሽረቱ ላይ፣ ሙት ዓመቱ በሎተሪው ላይ አርፎ፤
ኑሪ ሰባት ንብርብር ልጦ፣ ስምንተኛው ላይ ቆሟል፤
ጉሬዛው፣ ነጭ ጢሙ ሳይጎድል፣ ከጭቃው ውስጥ ያየኛል።

ዋጋ ብጠይቅ ስለ ፊት፣
ፊት ነሱኝ፤ ዝም አሉ ለጥቂት።
ከዚያ፦
“እናቴ ናት የለጠፈችው፣ ሲቦደስ ይሄ ግድግዳ፤
ነፋስ ይመልስ ብላ፣ ረስታ የዐይኑን ቀዳዳ።
ከወዲያ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ታፈሰ፣ አፉን አስጠግቶ
ማታ ማታ ያወራኛል በጉሬዛ ድምፅ፣ ከአልጋው ተንጠራርቶ፤
ማን እንደገረፈው፣ ምን እንዳማረው፣ የተማሪ ቤት ነገር።
አንድ ቀን አባቴ ሰማ።
በጋዜጣ ደፈነው። እኛም አደግን፤ ቀረን ከመነጋገር።

ከተላቀቀልህ ውሰደው፤ ገንዘብህን አልሻም” አሉ።
ምላጬን አስጠጋሁ። ጢሙ ተነሳ፤ ከጢሙ ጋር ጭቃው፣ ጭዱ፣ ሁሉ።
ለካ ጉሬዛ የሚባል ለብቻው የለም፤ ግድግዳው ነው ጉሬዛው።
ምላጬን አጥፌ ዞርኩ ከውጭ፣ በልብስ ሰፊው ፍርስራሽ፣ በአቧራው።

ከወዲያ ቀዳዳው አለ፣ የጭምብሉ ጀርባ በውስጡ።
ሠላሳ ዓመት ሰበሰብኩ እንጂ አንዱንም አጥልቄ አላውቅ፣ እውነቱ።
ፊቴን አስገባሁ። ልኬ አይደለም፤ ግን ዐይኔ ከዐይኑ ገጠመ፤
ቀና አሉ። ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ። የማፍረሻው ማሽንም፣ እንዳጋጣሚ፣ ቆመ።

“ታፈሰ?” አሉ። የሰባ ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም።
“ምነው ዘገየህ? እንዴት አመሸሽ እንኳ አትልም?”

ምን ልበል?
ታፈሰ አይደለሁ፤ ወሬ የለኝም ይዤ የመጣሁት፤
አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ያለውን፣ የደበዘዘውን አነበብኩት፣
ቀስ ብዬ፣ በጉሬዛ ድምፅ፦

“ሁለት ሳሙና ለገዛ
አንድ ፊት በነፃ።”